ሲአይኤፍ ላይ ዕቃው ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ሎጂስቲክስ የምትማሩ ልጆች ኢንኮተርምስ (በዓለም አቀፍ ንግድ የሻጭንና የገዢን ወጪና ኃላፊነት የሚለዩ የውል ቃላት) ላይ ስትደርሱ፣ ከነሱ አንዱ የሆነው ሲአይኤፍ (CIF) ያደናግራችኋል። በሲአይኤፍ ሻጩ የመርከብ ኪራዩንም ኢንሹራንሱንም እስከ ገዢው ወደብ ድረስ ይከፍላል። ስለዚህ ዕቃው እዚያ እስኪደርስ ኃላፊነቱም የሱ ይመስላል። አይደለም! የሻጩ ወጪ የሚያበቃበትና ስጋቱ (ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሳራውን መሸከም) ወደ ገዢው የሚሻገርበት ቦታ ለየቅል ነው።

ከቡሬ አኩሪ አተር ጭኖ የወጣ መኪና የአባይን በረሃ ሲወርድ ፍሬን እምቢ ብሎት ቢገለበጥ ኪሳራው የሻጩ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከብ ሲጠብቅ ዝናብ ቢያበላሸውም እንደዚያው። መርከቡ ላይ ከተጫነ በኋላ ግን ቀይ ባሕር ላይ የሚደርስበት ጉዳት የገዢው ነው፤ ሻጩ በገዛለት ኢንሹራንስ ካሳ የሚጠይቀውም ራሱ ገዢው ነው። ታዲያ ሲአይኤፍ ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ሽፋን ብቻ እንዲገዛ ስለሆነ፣ ገዢ ከሆናችሁ ሰፋ ያለ ሽፋን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ኤፍኦቢ (FOB) በሚባለው ሌላው ኢንኮተርምም ስጋቱ የሚሻገረው እዚያው መርከቡ ላይ ነው። ኪራዩን ግን ገዢው ይከፍላል።

በኮንቴይነር ለሚላክ ዕቃ ሁለቱም አይመከሩም። ኮንቴይነሩን ተርሚናል ላይ አስረክባችሁ፣ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ በማታዩት ዕቃ ተጠያቂ ትሆናላችሁ። ለዚህ ስጋቱ ዕቃውን ለአጓጓዡ ስታስረክቡ የሚሻገርባቸው ኤፍሲኤ (FCA) ወይም ሲአይፒ (CIP) ይሻላሉ።