ክብደት አልባነት ለዓሣ ምን ማለት ነው?

«ጠፈር ላይ ስበት የለም» ሲባል እንሰማለን። ትክክል አይደለም። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ እንኳ 90 በመቶ ገደማ የምድር ስበት አለ። ክብደት የማይሰማው ጣቢያውና በውስጡ ያለው ሁሉ አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ነው።

ታዲያ ዓሣ እዚያ መዋኘት ይችላል? ውሃ ካለው፣ አዎ። ጅራቱ የሚገፋው ውሃውን ነው። የሚቸግረው ላይና ታችን መለየት ነው፤ በጆሮው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጠጠሮች ወደ ታች አይጫኑማ! እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብ ወደተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ የተወሰዱ ሁለት ዓሣዎች መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ይሽከረከሩ ነበር። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን እዚያው ከእንቁላል የተፈለፈሉት ናቸው። ምንም ግራ አልተጋቡም፤ ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ቀጥ ብለው ዋኙ።