«ፈቃድ ካለው ማን ይነካዋል?» እና ሌሎች የሞገድ ወሬዎች

ለገሃር አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስለ ኔትወርክ ስናማርር አንዱ ጓደኛዬ «ፍሪኩዌንሲውን በፈቃድ ከያዘው በኋላ ማን ይረብሸዋል?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው። ፈቃዱ ሌላው እንዳይገባበት ይከለክላል፤ ልክ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ረባሹ የራሱ የባለፈቃዱ ሌላ አንቴና ነው! በፎርጂ አንድ ኦፕሬተር ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ሜክሲኮም ስታዲየምም ፒያሳም ሊጠቀምበት ይችላል። ለዚህ ነው ኢንጂነሮቹ አንቴናውን ወደ ታች ደፋ አድርገው ሲግናሉ ሰፈሩን እንዳያልፍ የሚታገሉት።

«ታዲያ ኃይል ይጨምሩበታ!»

እስቲ ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ስሙ። አንዱ ረዳት «ሳሪስ ሳሪስ» ሲል ሌላው «ጀሞ ጀሞ» ብሎ ድምፁን ያነሳል፣ ያኛውም ይጨምራል፣ በመጨረሻ ጩኸቱ እንጂ ሰፈሩ አይሰማም። ስልካችሁ ላይ የሲግናል መስመሩ ሞልቶ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈውም አንዳንዴ አንቴናዎቹ እንዲህ ሲጯጯሁ ነው። መስመሩ የሲግናሉን ጉልበት እንጂ ጥራቱን አይነግራችሁም።

«አንድ ሞገድ ለብዙ ሰው ከተሰጠ ብጥብጥ ነው» የሚለውን ደግሞ አሜሪካኖች በተግባር ፈትሸውታል። ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ የባሕር ኃይላቸው ራዳር ይሠራል። የመገናኛ ተቆጣጣሪያቸው ኤፍሲሲ በ2015 በሦስት ደረጃ ለሌሎችም ከፈተው፤ ቅድሚያ ለራዳሩና ለነባሮቹ፣ ቀጥሎ በጨረታ ለገዙ፣ ከታች ለማንኛውም ሰው። ቤዝ ስቴሽኑ (አንቴናው ያለበት የኔትወርክ ማሰራጫ) ዝም ብሎ አይነሳም። ቦታውንና የአንቴናውን ከፍታ ለአንድ አውቶማቲክ ሲስተም አስመዝግቦ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ይነገረዋል፣ ከዚያም በየጊዜው «ልቀጥል?» እያለ ይጠይቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተተከለው አዳማጭ መሣሪያ የራዳር ሞገድ ከሰማ ሲስተሙ ያንን ቻናል ያስለቅቀዋል። መልስ ከጠፋም ቤዝ ስቴሽኑ ማሰራጨቱን ያቆማል። ብጥብጥ የሚባል ነገር አይደለም።

«ፍሪኩዌንሲው ከተለያየ አይረባበሹም» የሚለውስ? 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ፋይቭጂ የሚልከውም የሚቀበለውም በአንዱ ፍሪኩዌንሲ፣ በተራ ነው። ጎን ለጎን ባሉ ፍሪኩዌንሲዎች የሚሠሩ ሁለት ኦፕሬተሮች ሰዓታቸው ካልገጠመ አንዱ ሲልክ ሌላው ለማዳመጥ ይሞክራል፣ ይደነቁራል። ስለዚህ ሰዓታቸውንም ተራቸውንም ማመሳሰል አለባቸው።

የመጨረሻው «ጥፋቱ ሁሌ የላኪው ነው» የሚለው ነው። አይደለም። ትልልቆቹ የሲ ባንድ የሳተላይት ዲሾች የሚቀበሉት ከዚሁ ፍሪኩዌንሲ አጠገብ ነው፤ ኤልኤንቢያቸው (ዲሹ ላይ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ) የሚቀበለው ሰፊ ከሆነ የጎረቤቱንም ሞገድ ተቀብሎ ይደነዝዛል፣ ላኪው ድንበሩን ቢጠብቅም። የሚያስፈልገው ማጣሪያ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «አሁንስ መጣ?» እያሉ ዲሹን ማዞር ይሄኛውን አይፈታውም።