ስለ ጦርነት ዘመን መርከበኞች በስህተት የምናወራቸው

ለገሃር አካባቢ ማኪያቶ ይዘን የቀይ ባሕር ወሬ ተነሳ። ወዲያው ሁሉም የባሕር አዋቂ ሆነ። አንዳንዱን ዝም ብዬ መዋጥ አቃተኝ።

«መርከበኛ ያው ወታደር ነው።» አይደለም። የንግድ መርከበኛ ቅጥር ሠራተኛ ነው፤ ስንዴና ነዳጅ ያመላልሳል። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 30,000 የሚጠጉ የብሪታንያ የንግድ መርከቦች ሠራተኞች አልቀዋል። ሁሉም እንግሊዞች እንዳይመስሏችሁ። ሕንዶች፣ ቻይናዎች፣ የመኖች፣ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም ነበሩበት።

«በጦርነት ጊዜ ደሞዙ ይዘንባል።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብሪታንያ መርከቡ የሰጠመችበት መርከበኛ ደሞዙ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይቆም ነበር። ሰውዬው ጀልባ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይቀዝፋል፤ በደሞዝ መዝገቡ ግን ሥራ ፈት ነው!

«ከቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ ከሚመታ ፈንጂ) ካመለጡ ተረፉ።» በዚያ ጦርነት ሌሊት በርካታ መርከቦች መብራት አጥፍተው በአጀብ ይጓዙ ነበር። እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። አንዷ ስትመታ ሌሎቹ እንዳይቆሙ ይታዘዙ ነበር፤ የቆመ መርከብ ቀላል ዒላማ ነዋ። ከሁሉም የከፋው የማሽን ክፍል ነበር። ከውሃው ወለል በታች፣ ከምድጃው ፊት ቆሞ ከሰል የሚያጎርሰው ሰው መውጫው ረጅም የብረት መሰላል ብቻ ነበር።

«ቀን ከሌት በፍርሃት ይኖራሉ።» ይልቅ መሰልቸቱ ይበዛል። የአራት ሰዓት የሥራ ተራ፣ የስምንት ሰዓት እረፍት። ዝገት መፋቅ፣ ቀለም መቀባት። ሲተኙ ግን ከነልብሳቸው ነው።

«ወደብ የለንም፣ ምን አገባን?» በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከ25 ሠራተኞቿ ጋር ያዙ። ፊሊፒናዊ አለ፣ ቡልጋሪያዊ አለ፣ ሜክሲኳዊ አለ። የተለቀቁት በጥር 2025 ነው። የእኛ ዕቃ በጅቡቲ በኩል በዚሁ ባሕር ይመጣል፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ የሠለጠኑ ልጆቻችንም በውጭ መርከቦች ላይ ይሠራሉ።

ሒሳብ ልትቀበል የመጣችው አስተናጋጅ ሰምታን ኖሮ «ወንድሜ ከባቦጋያ ወጥቶ ታንከር መርከብ ላይ ነው» አለችን። «ቀይ ባሕር ገባን ብሎ ይጽፍልናል። ከዚያ ስልኩ ይጠፋል። እስኪደውል እናቴ ቡና አታፈላም።»