ዩሲኤል ወይስ ኪንግስ? ሁለቱ የለንደን ጎረቤቶች

ለንደን ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን መማር የሚፈልግ ልጅ ዝርዝሩን ሲያጠብ፣ ሲያጠብ መጨረሻ ላይ እነዚህ ሁለት ስሞች እጁ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ነው፣ ሰዉ ሁሉ ዩሲኤል የሚለው። ሌላው ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን። ሁለቱም መሃል ከተማ ናቸው። ሁለቱም ከሕክምና እስከ ታሪክ ያስተምራሉ፣ ሁለቱም ስማቸው ትልቅ ነው፣ ከአንዱ ዋና ግቢ ሌላው ጋ በእግር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ በምን ይለያሉ?

ድሮ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ብቻ በነበሩበት ዘመን ዲግሪ ለማግኘት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሰው መሆን ግድ ነበር። በ1826 ዩሲኤል ሲቋቋም ሃይማኖት አልጠይቅም አለ። ካቶሊኩም፣ አይሁዱም፣ ምንም የማያምነውም ይግባ ነው ነገሩ። ይህ ያስቆጣቸው ሰዎች በ1829 በንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ድጋፍ ኪንግስን አቋቋሙ፣ ይሄኛው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በካቶሊኮች መብትና በዚሁ ኮሌጅ ሰበብ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን መስፍን ከአንድ መኳንንት ጋር ሽጉጥ ይዘው ሜዳ ወጡ። ተኮሱ፣ ማንም አልተመታም። ደግነቱ።

በ1836 የለንደን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ተፈጠረና ለሁለቱም ተማሪዎች ፈተና አውጥቶ ዲግሪ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ ሁለቱም የዚህ ጥምረት አባል እንደሆኑ ናቸው፣ ዲግሪውን ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ይሰጣሉ። የሃይማኖቱ ጉዳይም መግቢያ ላይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ደረጃ ሰንጠረዥ ነው። እዚያ ዩሲኤል ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ግን ሰንጠረዦቹ ትልቅ ክብደት የሚሰጡት ለምርምርና ለስም ነው፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለሚያስተምርህ ሰው የሚነግሩህ ትንሽ ነው። እኔ ብሆን ለዚህ አስር ደቂቃ ሰጥቼ አልፋለሁ።

ጊዜ የሚገባው የትምህርቱ ዝርዝር ላይ ነው። ሕክምናን እንይ። ዩሲኤል ስድስት ዓመት ነው፣ ምክንያቱም መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ የሳይንስ ዲግሪ መሥራት ግዴታ ነው። ኪንግስ መደበኛው አምስት ዓመት ሲሆን ያ ተጨማሪ ዲግሪ የፈለገ የሚወስደው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ! የኑሮ ወጪውን ከለንደን የቤት ኪራይ ጋር አስቡት። አርክቴክቸር ወይም ሥዕል የሚፈልግ ወደ ዩሲኤል ይሄዳል፤ ስሌድ የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከ1871 ጀምሮ አለ። የጥርስ ሕክምና ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈልግ ደግሞ ኪንግስ ነው። ጦርነትን እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ የሚያጠና ዲፓርትመንትም አለው፣ ነርሲንጉ ደግሞ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ከከፈተችው ትምህርት ቤት የወረደ ነው። ሕግ፣ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ ከሆነ ግን ሁለቱም ጋ አለ፤ እዚያ ላይ የየዓመቱን ኮርሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስንቱ ግዴታ ነው፣ ስንቱ ምርጫ ነው ብሎ መቁጠር ነው።

ቀጥሎ ቦታው። ዩሲኤል አብዛኛው ብሉምስበሪ ውስጥ ተሰብስቧል፣ ከ2022 ወዲህ ግን ምሥራቅ ለንደን ስትራትፎርድ ላይም አዲስ ግቢ አለው። የተማሪዎች ማዕከሉ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ሰውዬ ታያለህ። ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም ነው፣ በ1832 የሞተው። አጽሙ የራሱን ልብስ ለብሷል፣ ጭንቅላቱ ከሰም የተሠራ ነው፣ እንዲህ ይደረግልኝ ብሎ የተናዘዘውም ራሱ ነው። መሥራቹ ነው ይባላል እንጂ አልነበረም፣ ሐሳቡ ነው መሥራቾቹን የነካቸው። ኪንግስ በአንጻሩ ተበትኗል። ስትራንድ፣ ዋተርሉ፣ ጋይስ፣ ሴንት ቶማስ፣ ዴንማርክ ሂል። የሕግ ተማሪው ስትራንድ ቴምዝ ዳር ይውላል፣ የባዮሎጂው ልጅ ለንደን ብሪጅ አጠገብ ጋይስ ነው፣ እና ሁለቱ ካልተቀጣጠሩ ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ኪንግስ እገባለሁ» ከማለት በፊት የትኛው ግቢ ብሎ መጠየቅ ነው።

ማመልከቻው ላይ መምረጥ ግዴታ አይደለም። ዩካስ በሚባለው የጋራ መንገድ እስከ አምስት ቦታ ማመልከት ይቻላል፣ ሁለቱም ይገባሉ። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ሲቀበሉህ ነው። አንዱን ፈርም (የመጀመሪያ ምርጫ)፣ አንዱን ኢንሹራንስ (መጠባበቂያ) ትላለህ፤ ፈርም ያልከው ውጤት ከጎደለህ ኢንሹራንሱ ይይዝሃል። ታዲያ ሁለቱም ተመሳሳይ ውጤት ከጠየቁ አንዱ ለሌላው ኢንሹራንስ መሆኑ ምን ዋጋ አለው? አንዱ ጋ ስትወድቅ ሌላውም ጋ ወደቅክ። ኢንሹራንሱ ዝቅ ያለ ውጤት የሚጠይቅ ሦስተኛ ቦታ ቢሆን ይሻላል፣ ያኔ ከሁለቱ አንዱን መጣል የግድ ይሆናል።

የተጣለውም ቢሆን ሩቅ አይሄድም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ የጋራ ዶርሞች ብሉምስበሪ ውስጥ አሉ፣ የሁለቱም ተማሪዎች አብረው ያድራሉ። ጠዋት ላይ የዩሲኤሉ ልጅ ጥርሱን ቦርሾ ትንሽ ተራምዶ ክፍል ይገባል፣ ጋይስ የሚማረው የኪንግሱ ጎረቤቱ ደግሞ ባቡር ለመያዝ ቀደም ብሎ ወጥቷል።