ማንም ሰው የሚሰፋው የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት

የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት በኤድስ የሞቱ ሰዎችን ወዳጅ ዘመዶቻቸው እያሰቡ የሰሩት ከጨርቅ የተገጣጠመ ግዙፍ ስራ ነው። ወደ 50,000 ቁራጭ አለው፣ ከ100,000 በላይ ስም ተፅፎበታል፣ ክብደቱ 54 ቶን ገደማ ነው ይባላል። አሜሪካኖች ከድሮ ጀምሮ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ አልጋ ልብስ ይሰፋሉ፣ ኩዊልት የሚሉት እሱን ነው፣ ሀሳቡም ከዛ ነው የመጣው።

ነገሩ የተጀመረው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፣ በ1985 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1978 የተገደሉትን ፖለቲከኛ ሃርቪ ሚልክንና ከንቲባውን ጆርጅ ሞስኮኒን ለማሰብ በየዓመቱ የሻማ ሰልፍ ይወጣ ነበርና ክሊቭ ጆንስ የሚባል አክቲቪስት ሰልፈኛውን በኤድስ የሞተባችሁን ሰው ስም ካርቶን ላይ ፃፉ አላቸው፣ ከዛ የፌደራል መንግስቱ ህንፃ ግድግዳ ላይ ለጣጠፉት፣ ቆም ብሎ ሲያየው የተጣጣፈ አልጋ ልብስ መሰለው። ከዓመት በላይ ቆይቶ ለሞተ ጓደኛው የመጀመሪያውን ቁራጭ ሰራ፣ በ1987 ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኖ ፕሮጀክቱን በወጉ አቋቋመው።

ዋናው ህግ ልኩ ነው፣ 3 ጫማ በ6 ጫማ፣ ማለትም በግምት የአንድ ሰው መቃብር። ይሄ ዝም ብሎ የተመረጠ ልክ አይደለም፣ በዛን ጊዜ አስከሬን አንቀበልም የሚሉ የቀብር አስፈፃሚዎች ነበሩ፣ ልጃቸውን የካዱ ቤተሰቦችም ነበሩ፣ ብዙዎቹ ሟቾች ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ስለነበሩ መገለሉ እጥፍ ነበር። ሄደህ የምታለቅስበት መቃብር እንኳን ለሌለው ሰው ጨርቁ ያንን ቦታ ተካ። (እኛም ሀገር እኮ የህይወት ታሪክ ሲነበብ «ባደረበት ህመም» ተብሎ ነው የሚታለፈው፣ እዛ ግን ስሙን ከነበሽታው አደባባይ አወጡት።)

ከልኩ በኋላ የፈለግከውን አድርግ ነው። የሟቹ ጂንስ፣ ሸሚዝ፣ አሻንጉሊት፣ የጋብቻ ቀለበት፣ ፎቶ፣ ፀጉር፣ የተቃጠለ አስከሬን አመድ ሳይቀር ተሰፍቶበታል። መርፌ ይዞ የማያውቅ በኮላ ይለጥፋል፣ በስፕሬይ ቀለም ይፅፋል። ለእኔ የስራው ጉልበት እዚህ ላይ ነው፣ ዳኛ የለውም፣ ይሄ ያምራል ይሄ አያምርም ብሎ የሚጥል ኮሚቴ የለም፣ ስፌቱ የተወላገደው ከባለሙያ ስራ ጎን ተሰፍቶ እኩል ቦታ ይይዛል፣ እንደውም የተወላገደው ነው ይበልጥ የሚያስለቅሰው። ውዳሴ ብቻም አይደለም። ሮይ ኮን የሚባለው ዝነኛ ጠበቃ በ1986 እስኪሞት ድረስ ኤድስ የለብኝም ሲል ነበር፣ ለሱ የተሰራው ቁራጭ ላይ «ጉልበተኛ። ፈሪ። ተጠቂ።» የሚል ተፅፏል፣ እሱም አልተጣለም። የመንግስት ሀውልት ቢሆን እንዲህ አይነት ነገር ማን ያስገባ ነበር?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለህዝብ የተዘረጋው ኦክቶበር 11 ቀን 1987 ዋሽንግተን ናሽናል ሞል (መሀል ከተማው ላይ ያለ ሰፊ የህዝብ ሜዳ) ላይ ነው፣ 1,920 ቁራጭ ሆኖ ከአንድ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ይበልጥ ነበር፣ በዛ ሳምንት መጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን ሰው አየው ይባላል። በጎ ፈቃደኞች ነጭ ለብሰው ይዘረጉታል፣ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ በማይክ ይነበባል፣ ሰው በመሀል ባሉት መተላለፊያዎች እየሄደ ያያል። በዓመቱ ከ8,000 በላይ ሆኖ ተመለሰ። በ1996 ሞሉን ሞላው፣ ሙሉውን አንድ ላይ መዘርጋትም የዛን ጊዜ አበቃ፣ ከዛ በኋላ በክፍል በክፍል ነው የሚታየው።

አሁን ተመልሶ ሳን ፍራንሲስኮ ነው ያለው፣ ሰነዶቹ ደግሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተመፃህፍት ናቸው። ሙሉው ኢንተርኔት ላይ ስላለ በስም መፈለግ ይቻላል። አዲስ ቁራጭ ዛሬም ይቀበላሉ፣ በፖስታ ትልካለህ፣ እነሱ ስምንት ስምንቱን አንድ ላይ ሰፍተው 12 ጫማ በ12 ጫማ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ያንተ ሰው ከማያውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር ነው የሚሰፋው።