የባሕር ጃርት ሲበዛ ጥፋቱ የሙቀት ነው ወይስ የአጥማጅ?
ደሴ ላይ ባዮሎጂ የምታጠኑ ልጆች ይህቺን ነጥብ ደጋግማችሁ ስለምታምታቱ ላስረዳ። የባሕር ጃርት፣ ማለትም እሾሃሙ የባሕር እንስሳ፣ ጨዋማ ውኃ ካልሆነ አይኖርም፤ እኛው ዘንድ ሎጎ ሐይቅ ውስጥ አታገኙትም። ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ላይ የበቀለውን አልጌ (ዕፅ መሰል የውኃ በቃይ) ይግጣል። ጃርቱን ደግሞ ትሪገርፊሽ የሚባል ዓሣ ሰብሮ ይበላዋል። በኬንያ ጠረፍ ትሪገርፊሽ ከልክ በላይ በተጠመደበት ቦታ ጃርቱ በዝቶ ኮራሉን ራሱን እየፋቀ ጎድቶታል፤ ድመት በጠፋበት ጎተራ አይጥ እንደሚሠለጥነው ማለት ነው።

እስከዚህ እርግጥ ነው። እንደየቦታው የሚለያየው የውኃው ሁኔታ ነው፦ መጠነኛ ሙቀት የጃርቱን እጭ (ከእንቁላል የወጣ ገና ያልዳበረ ልጅ) እድገት ያፋጥናል፣ ሲያልፍ ግን ይገድለዋል። የባሕሩ ፍሰት እጩን ወደ ሪፉ (ኮራሉ የሠራው ክምር) ካላመጣው ደግሞ በላተኛ ባይኖርም ጃርቱ አይበዛም።

ጃርቱ ቢያልቅስ? እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪቢያን ላይ በሽታ ሲፈጀው አልጌ ኮራሉን ሸፈነው።