ባዮሱ ተበላሽቶ የማይነሳ ላፕቶፕ፦ ምርመራና ጥገና

ባዮስ ላፕቶፕ ሲበራ ከሁሉም ሶፍትዌር በፊት የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ራሙን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን አዘጋጅቶ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል። የዛሬዎቹ ላፕቶፖች ዩኢኤፍአይ የተባለውን ዓይነት ቢይዙም በጥገና ቤት ሁሉም ባዮስ ነው የሚባለው። የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ በሚገኝ ባለ 8 እግር ፍላሽ ቺፕ ውስጥ ሲሆን፣ መጠኑ በአብዛኛው 8፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ባዮሱ የተበላሸበት ማሽን ዊንዶውስ እንደገና ቢጫንለትም አይነሳም።

ታሪክ

በ1981 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ባዮስ ሊጻፍበት በማይችል ሮም ላይ ስለነበር እንዲህ ያለ ብልሽት አያሰጋውም ነበር። ባዮስ በሶፍትዌር የሚታደስ ሲሆን ግን በሶፍትዌር መጥፋትም ጀመረ። በ1998 ከታይዋን የተነሳው ሲአይኤች ቫይረስ የታወቀው ምሳሌ ነው፤ ሚያዝያ 26 ቀን 1999 በዊንዶውስ 95 እና 98 ማሽኖች ላይ ነቅቶ የዲስኩን መጀመሪያ ክፍል በዜሮ ሞላ፣ ቺፕሴታቸው (የቦርዱን ክፍሎች የሚያስተባብረው ቺፕ) በሚፈቅድ ቦርዶች ላይ ደግሞ ባዮሱን ደመሰሰ። በ2013 መጀመሪያ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ ከተነሳባቸው በኋላ ዳግም አልበራ አሉ። መጀመሪያ የተወቀሰው ሊኑክስ ነበር፤ በኋላ ግን የባዮሱን የማስታወሻ ቦታ በመሙላት ከዊንዶውስም ያንኑ ማድረስ እንደሚቻል ስለታየ ጥፋቱ በፈርምዌሩ፣ ማለትም በባዮሱ በራሱ፣ መሆኑ ታወቀ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ኡቡንቱ 17.10 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት አንድ ድራይቨር በርካታ የሌኖቮ ማሽኖች የባዮስ ቅንብር እንዳያስቀምጡና ከዩኤስቢ ፍላሽ እንዳይነሱ አደረገ፤ ስርጭቱም ተስተካክሎ በጥር 2018 እስኪወጣ ድረስ ከማውረጃ ገጹ ተነሳ። ዛሬ የተለመደው መንስኤ ግን ባዮስ እየታደሰ ሳለ ኃይል መቋረጡ ነው።

ምርመራ

መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ተመሳሳዩን ምልክት የተበላሸ ራምም ስለሚሰጥ ባዮስን ለመክሰስ መቸኮል አያስፈልግም። ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ መጫን፣ ራሞቹን አንድ በአንድ መሞከር፣ ውጫዊ ስክሪን ማገናኘት ይቀድማል። ዲዲአር5 ራም የተቀየረላቸው ማሽኖች መጀመሪያ ሲበሩ ራሙን እስኪለማመዱ ለደቂቃዎች ጨልመው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በዚያ መሃል ማጥፋት ሥራውን እንደገና ማስጀመር ብቻ ነው።

የመብራት ኮዶች ብዙ ይናገራሉ። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ካፕስ ሎክ 2 ጊዜ እየደጋገመ ብልጭ ካለ ባዮሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። በዴል 2 ብርቱካናማ ተከትሎ 2 ነጭ ብልጭታ የባዮስ ወይም የሮም ችግርን ያመለክታል።

ቺፑን ሳይነኩ መመለስ

በኤችፒ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ የዊንዶውስና የቢ ቁልፎች እንደተያዙ የማብሪያ ቁልፉ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይጫናል፤ እሱ ሲለቀቅ ሁለቱ አይለቀቁም። በዴል ኮንትሮልና ኢስኬፕ ተይዘው ቻርጀሩ ይሰካል። የባዮሱ ፋይል በፋት32 በተፎረመተ ዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ አምራቹ የወሰነለት ስም ከሌለው ላፕቶፑ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሁለቱም አምራቾች በብዙ ሞዴሎች መጠባበቂያ ቅጂ በዲስኩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ማሽኑ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ዲስክ መፎርመት መድኃኒቱን መጣል ነው።

በፕሮግራመር መጻፍ

ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚቀረው፣ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ከተባለ በኋላ ስንቱን ላፕቶፕ ያዳነው ሥራ ይህ ነው። ሲኤች341ኤ የተባለው ርካሽ ፕሮግራመር፣ ማለትም ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ፣ እና ባለ 8 እግር ክሊፕ ይበቃሉ። ከመገናኘቱ በፊት የቺፑ ቮልቴጅ ይረጋገጣል፦ በዊንቦንድ ቺፖች ቁጥሩ በኤፍቪ ወይም ጄቪ ካበቃ 3.3 ቮልት፣ በኤፍደብሊው ወይም ጄደብሊው ካበቃ 1.8 ቮልት ነው። ጥቁሩ ሲኤች341ኤ በዳታ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት ገደማ ይልካል። ይህ የ3.3 ቮልቱን ቺፕ ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ያከራክራል፤ ብዙዎች ጉዳት ሳይደርስ ጽፈውበታል። 1.8 ቮልት ላይ ግን ክርክር የለም፣ ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ አስማሚ አይሞከርም።

ዋናው ባትሪና የሰዓቱ ባትሪ ይነቀላሉ። የቺፑ ይዘት 2 ጊዜ ተነቦ ይነጻጸራል፤ ከተለያየ ወይም ሁሉም ኤፍኤፍ (ባዶ) ከሆነ ክሊፑ አልያዘም ወይም ቦርዱ ኃይሉን እየወሰደበት ነው፣ ያኔ ቺፑን በሙቅ አየር ማንሳት ይሻላል። የተነበበው ፋይል ቢበላሽም አይጣል፤ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የዊንዶውስ ቁልፉና በአንዳንድ ማሽን የኔትወርክ አድራሻው ያለው እዚያ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከአምራቹ ያወረዱትን ፋይል እንዳለ ሲጽፉ ነው። ያ ፋይል ብዙ ጊዜ የባዮሱ ክፍል ብቻ ነው። በኢንቴል ማሽኖች ቺፑ ዴስክሪፕተር (የቺፑን አከፋፈል የሚገልጸው) እና ማኔጅመንት ኢንጂን (የኢንቴል የራሱ ፕሮግራም) የሚባሉ ክፍሎችም ስላሉት፣ የሚጻፈው ፋይል መጠን ከቺፑ መጠን ጋር እኩል መሆን አለበት። ቡት ጋርድ (ባዮሱ ያልተለወጠ መሆኑን ሲነሳ የሚፈትሽ የኢንቴል ጥበቃ) የበራበት ማሽን በፊርማ በተጠበቀው ክፍል ላይ ለውጥ ካገኘ አይነሳም ወይም ተነስቶ ይጠፋል።

በትክክል ከተጻፈ በኋላ በመጀመሪያው ማብራት 1 ወይም 2 ጊዜ ራሱን አጥፍቶ መነሳቱ የተለመደ ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ቁልፉን አስቀድሞ እንዲፈልግ ይነገረዋል።